ለብቻ የሚነሣ ሞተር

ሮቢት ላይ ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቦክሰር ነው፤ ሕንድ ሠራሽ፣ ሦስት ሰው ጭኖ አራተኛ ለመጨመር የማያመነታ፣ ዶሮውንም ጀሪካኑንም የማሽላውን ጆንያም እኩል የሚሸከም። ሁለተኛው ያማሃ ነው፤ መሥሪያ ቤት ለግብርና ባለሙያው ወይም ለጤና ተቆጣጣሪው የሚሰጠው፣ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ «ከወረዳ መጡ» የሚያሰኘው። (ሮቢት ስል ሸዋ ሮቢትን አይደለም። በወልድያና በቆቦ መካከል፣ ጎብዬን አለፍ ብሎ አስፋልቱ ላይ የምትገኘውን የራያዋን ሮቢት ነው።)

አልፎ አልፎ ግን ሦስተኛ ዓይነት ያልፋል። ቁመናው የያማሃ፣ ሆዱ የሰንጋ፣ በግራና በቀኝ ሣጥን የታሰረለት፣ የፊት ጎማው ከኋላው ጎልቶ የሚታይ። ልጆች ይከተሉታል። ሽማግሌ ቆም ብለው «ልጄ፣ ይኼ ስንት ኩንታል ይጭናል?» ይላሉ። አንድ ሰውና ልብሱን ነው የሚጭነው ሲባሉ ፊታቸው ላይ የሚታየው ቅሬታ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን ሦስተኛውን ነው።

ፈረንጆቹ አድቬንቸር ይሉታል፤ አስፋልትም ኮረኮንችም ሳይመርጥ ብዙ ቀን ለመጓዝ የተሠራ ሞተር ማለታቸው ነው። ዝርያው ከአፍሪካ በረሃ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር ሲሪል ኔቩ ያሸነፈው በያማሃ ኤክስቲ 500 ነበር፤ ቀለል ያለ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር። ቢኤምደብሊው በ1980 አር 80 ጂኤስን ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ዓይነቱ እየወፈረ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ተነሥተው ኢትዮጵያን አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ የገቡባቸው ሞተሮች 1200 ሲሲ ነበሩ፤ ነዳጅ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ከኋላቸው ግን ረዳቶች የያዘ መኪና ይከተላቸው ነበር። እኔና አንተን የሚከተለን የለም።

መካከለኛዎቹ ከ300 እስከ 700 ሲሲ ያሉት ናቸው። ለምሳሌ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሮያል ኢንፊልድን ሂማሊያን እንውሰድ፦ 411 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ 24 የፈረስ ጉልበት፣ 15 ሊትር የሚይዝ ታንክ፣ ከመሬት 22 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሆድ። የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 17 ነው። ትልቅ ጎማ ድንጋይን ይረግጠዋል፤ ትንሽ ጎማ ይጋጨዋል። ክብደቱ ከነነዳጁ ከ190 እስከ 200 ኪሎ ነው። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ይመስለኛል። በተራራ ጉዞ ሞተር መውደቁ አይቀርም፤ ጥያቄው ማን ያነሣዋል ነው። ሁለት መቶ ኪሎውን ጀርባን ሰጥቶ፣ መሪውን ወደ ራስ አዙሮ፣ በወገብ ሳይሆን በእግር እየገፉ አንድ ሰው ያነሣዋል። ሩብ ቶኑን ሻንጣው ሳይወርድ ለማንሣት ግን ጎረቤት ይጠራል። እርግጥ ራያ ውስጥ ወድቆ ብቻውን የሚቀር ሰው የለም፤ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» እያለ ከማሽላው መሐል የሚወጣው ሕዝብ ሞተሩንም ነጂውንም አንሥቶ አቧራውን ያራግፋል። ከኮረም ወደ ሰቆጣ በሚወስደው ጭር ያለ መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለው ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

የእኛው ያማሃ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ኤጂ የሚባለው ዝርያ መጀመሪያ የተሠራው ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬ ነው፤ ፊደላቱም ከእርሻ የተወሰዱ ናቸው። ካቴናው አቧራ እንዳይገባበት ተሸፍኗል፤ መሬቱ ወዴትም ቢያዘነብል እንዲቆም መደገፊያው በሁለቱም ጎን ነው፤ ጭነት ማሰሪያ ከፊትም ከኋላም አለው። ማንም አድቬንቸር ብሎት አያውቅም። የከብት ክትባት ይዞ ተራራ ሲወጣ የኖረው ግን እሱ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን ከጥቂት ፈቃድ ካላቸው በቀር ከከተማ ስታስወጣ ስሙ ከነጣቂ ጋር ተያይዞ ነበር፤ እዚህ ግን ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ሞተር ነው።

አሁን መንገዱን እንያዝ። ከሮቢት ተነሥቶ ሮቢት የሚመለስ፣ አራት ቀን ቢሰጠው የሚጠግብ ቀለበት አለ፦ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ፣ ኮረም፤ ከዚያ በምዕራብ ሰቆጣ፣ ላሊበላ፣ ጋሸና፤ በድልብ ቁልቁል ወልድያ፣ ከዚያ ቤት። ሮቢትና ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ግመል፣ ማሽላና ሙቀት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከዚያ ማዶ አፋር። እስከ አላማጣ መንገዱ ሜዳ ነውና ሞተሩ ምን እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው ግራ ካሕሱ አቀበት ላይ ነው። ከአላማጣ ኮረም በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር ይወጣል፤ ኩርባው ከኩርባ ላይ ተደርቦ፣ ከላይ የሚወርደው ከባድ መኪና ፍሬኑ እየሸተተ።

እዚህ ላይ ሞተሩ ይደክማል፤ ነጂው «ምን ነካው?» ይላል። ምንም አልነካውም፤ ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል። ሮቢት ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 85 በመቶ ገደማ ነው፤ 3,000 ሜትር በምትጠጋው ጋሸና ወደ 70 ይወርዳል። ሞተር በአየሩ ልክ ስለሚነድ 24 የነበረው የፈረስ ጉልበት ጋሸና ሲደርስ 17 ቢሆን ነው። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አየሩ ሲቀንስ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጠዋት ኮረም ላይ በብርድ አልነሣ የሚለው ስለዚህ ነው። አዲሶቹ ግፊቱን የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው ነዳጁን ራሳቸው ይመጥናሉ፤ የጠፋውን አየር ግን አይመልሱም። ትልቅ ሲሲ የሚመኝ ሰው አንድ ክርክር ቢኖረው ይኼ ነው፤ ሲሶው ቢጠፋ እንኳ ይተርፈዋል። ለኔ ግን በእነዚያ ኩርባዎች ላይ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ሰው የሚቸገረው በጉልበት ማነስ አይደለም።

መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሕግ ለሞተረኛም ይሠራል፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ማርሽ ዝቅ ሲል ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑ ለመጨረሻዋ ቅጽበት ይቀመጣል። ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ዲስኩን ያግላል፣ የፍሬን ዘይቱን ያፈላል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ይሆንና እጀታው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ያኔ ኩርባው አይጠብቅም።

ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ። ቃሎቹ ሁሉ ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ መንገዱም እንደዚያው። ከአስመራ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን ይህን ጎዳና በወረራው ዘመን የዘረጉት ጣሊያኖች ናቸው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ሠራዊታችን ከተመታ በኋላ ማፈግፈጉ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ነበር፤ ከሰማይ ቦምብና መርዝ እየወረደ። ዛሬ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከኮረም ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ስለሆነ ወደ ሰቆጣ ከመታጠፉ በፊት ሄዶ ማየት ይቻላል፤ እኔ ብሆን ምሳዬን እዚያ እበላለሁ። ከጋሸና ወልድያ የሚወስደው ደግሞ የቻይና መንገድ ነው፤ በደርግ ጊዜ ቻይናውያን ስለሠሩት ስሙ እንደዚያው ቀረ። ቻይናዎቹ ግን መንገዱን ትተው ሄዱ እንጂ ለጎሚስታው አንድም ቃል አላወረሱትም።

ቆላው የራሱ ፈተና አለው። ሮቢት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የዘነበው ላይ ጊዳን ደጋ ነዋ። እነ ጎሊናና አለውሃ የሚባሉት ወንዞች ደጋውን አጥበው ወደ አፋር ይወርዳሉ። የራያ ገበሬ ያንን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ያስተኛዋል፤ ለእሱ ሲሳይ ነው። ለሞተረኛ ግን ድልድይ በሌለበት መሻገሪያ ላይ ወጥመድ ነው። ደንቡ መጀመሪያ በእግር ገብቶ በሽመል መለካት ነው። ውኃው ከጉልበት ካለፈ፣ ወይም ታቹ ካልታየ፣ ሻይ ፈልጎ መቀመጥ ይሻላል፤ የጎርፍ ውኃ ሰዓታት ሲያልፉ ይጎድላል። በአየር መሳቢያው ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ፣ ውኃ እንደ አየር አይታመቅምና ቢዬላው ይጣመማል። መሐል ላይ የጠፋን ሞተር ቁልፍ እየመቱ ማስነሣት ሳይሆን ወደ ዳር ገፍቶ፣ ካንዴላውን ፈትቶ፣ ውኃውን ማስተፋት ነው። ጎርፉ ጥሎት የሚሄደው አሸዋ ላይ ደግሞ እግር መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ዓይንን ሩቅ ጥሎ፣ ነዳጁን ሳይቀንሱ ማለፍ ነው። የሚፈራ ሰው ነዳጁን ይለቃል፤ ያኔ የፊት ጎማው ይሰምጣል።

ነዳጅ በየማደያው ይኖራል ብሎ መውጣት አያዋጣም። ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ከመንገድ ዳር መግዛት ይመጣል፤ ዋጋውም ንጽሕናውም በሻጩ ጨዋነት ልክ ነው። የላመ ጨርቅ አድርጎ ማጥለል አይጎዳም። ልብስ ቢባል ቀትር ላይ ቆቦ የሚያስወልቅህን ማታ ጋሸና ሁለት እጥፍ ያስለብስሃል፤ ጋቢ ከማንኛውም የውጭ ጃኬት በታች ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ አለ፦ መንገዱ እንዴት አደረ? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት በዚህ ምድር ላይ ተመላልሷል፤ ሰላሙም ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል። መልሱን የሚያውቀው ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር እንጂ ካርታ አይደለም። «ዛሬ እደሩ» ካለ ይታደራል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላም መንዳት የለም፤ ያን ጊዜ መንገዱ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶች ነው።

በአራተኛው ቀን ድልብን ወርዶ፣ ወልድያን አልፎ፣ አለውሃን ተሻግሮ ጎብዬ ሲደርስ የነጂው ሰውነት ይላላል። ሰቆጣ ላይ ያልደረሰበት፣ ጋሸና ላይ ያልደረሰበት የሚደርሰው ያኔ ነው። ሂማሊያንም እንደ ቦክሰሩ ባለ ካላማዳሪ ጎማ ነው፤ የሮቢት ግራር ደግሞ እሾሁ ጣት ያክላል። ጎሚስታው ጎማውን ነቅሎ፣ ካላማዳሪውን ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋዋ የምትወጣበትን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ይዞ፣ «ከላሊበላ ድረስ ይዘኸው መጣህ?» ይላል። እሾሁን አውጥቶ ሲያየው ግን ያውቀዋል፤ የጓሮው ነው።