የላቀች ምድጃ ቁም ነገሩ ሸክላው ነው

ከመሳለሚያ ወደ መርካቶ ገባ ሲባል፣ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና የዘይት ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ይወጣዋል። የዚህ የቆርቆሮ ምድጃ ጉድለት ከብረቱ ይጀምራል፤ ብረት ሙቀት ስለሚያሳልፍ ከፍሙ የተቀበለውን በጎኑ ለአየር ይሰጠዋል፣ ድስቱ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ላቀች የተባለው ምድጃ የተሠራው ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኬንያ ውስጥ ከተስፋፋው፣ ጂኮ ከሚባለው ባለ ሸክላ ምድጃ ተወስዶ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአገራችን ማብሰያ ተስማማ። ውጪው ያው ቆርቆሮ ነው። ፍሙ የሚያርፍበት ቀዳዳማ ውስጡ ግን የተተኮሰ ሸክላ ነው፤ አየር በታችኛው በር ይገባል፣ አመዱ ወደ ታች ይወርዳል። ሸክላ ከብረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ሙቀት ስለሚያሳልፍ፣ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ አንጻር ከሰልን በሩብ ያህል ይቆጥባል።

እንግዲህ ገዢ ሊመረምር የሚገባው ቀለሙንና ቆርቆሮውን ሳይሆን ሸክላውን ነው። በቅጡ ያልተተኮሰ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ከቆርቆሮው ጋር በደንብ ያልተያያዘም እየተነቃነቀ ይሰበራል። ስብርባሪው ወጥቶ ፍሙ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ከነደደ፣ ስሙ ላቀች ቢሆንም ባለቤቱ ወደ ድሮው ምድጃ ተመልሷል። «ዋጋው ከተራው ይበልጣል» ለሚሉ መልሱም እዚሁ አለ። ቆርቆሮው ጤነኛ ከሆነ ሸክላውን ብቻ መቀየር ይበቃል። አሮጌ ዕቃ ማደስ ለምናለሽ ተራ ባለሙያ የዕለት ሥራው ነውና፣ መለዋወጫ ሸክላ ለየብቻው በየሱቁ ቢሸጥ አሮጌው ምድጃ ሁሉ ዕድሜው ይረዝማል።

ከሰል ራሱ ደን ይጨርሳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ በኤሌክትሪክ ማብሰል የሚችል ሰው በዚያው ይቀጥል። መብራት ለሌለውና ለሚቆራረጥበት ቤት ግን ላቀች የሚቆጥበው ሩብ ብዙ ነው። በአፈር በተሸፈነ ባህላዊ ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። በቀን አንድ ኪሎ የሚያነድ ቤት በወር 7.5 ኪሎ ከሰል ቢያተርፍ፣ ቢያንስ 37 ኪሎ እንጨት ሳይቆረጥ ይቀራል። ሸክላው የማይፈታው አንድ አደጋ አለ፦ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ። በክረምት ብርድ ቤት ለማሞቅም ሆነ በድንኳንና በመኪና ውስጥ ለማደር፣ የጋመ ላቀች በተዘጋ ቦታ ይገድላል፤ ጭስ አለመታየቱ ማስተማመኛ አይሆንም። ከመተኛት በፊት ፍሙ ከነምድጃው ወደ ውጭ ይወጣል።