የተሰወረ ሣጥን ፍለጋ በዳርትሙር

በእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አውራጃ ውስጥ፣ ኮረብታዎቹ የግራኒት ደንጊያ የተከመረባቸው፣ ረግረግና ጭጋግ የማያጣው ዳርትሙር የሚባል ደጋ አለ። ወደዚህ ምድር የሚመጣ እንግዳ መልክዐ ምድሩን አድንቆ ከመመለስ አልፎ የሕዝቡን ታሪክና ልማድ ጭምር እንዲመረምር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ፣ ጂኦካሺንግ የተባለው የተሰወረ ሣጥን ፍለጋ ነው።

ሥርዐቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ከነመዝገቡ አዘጋጅቶ፣ የባለመሬቱን ፈቃድ ተቀብሎ፣ ከቋጥኝ ሥር ወይም ከግንድ ስንጥቅ ውስጥ ይሰውረውና የስፍራውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስታውቃል። ፈላጊው በሳተላይት የሚሠራውን ጂፒኤስ ይዞ ይከተለዋል፤ ነገር ግን መሣሪያው በጥቂት ሜትር ሊስት ስለሚችል፣ የቀረውን የሚፈጽመው ዐይንና ትዕግሥት ነው። ሣጥኑን ያገኘ እንደ ሆነ ስሙንና ቀኑን በመዝገቡ ጽፎ፣ ከውስጡ ትንሽ ዕቃ ቢወስድም በእኩያው ተክቶ፣ እንደ ነበረ መልሶ ይሰውረዋል።

ጨዋታው የተወለደው በአሜሪካ ነው። መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን በሜይ 2 ቀን 2000 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲያቆም፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በማግስቱ በኦሬገን ጫካ አንድ ባልዲ ሰወረ፤ ቦታውንም አስታወቀ። ዳርትሙር ግን ለዚህ ነገር እንግዳ አልነበረም፤ በ1854 የቻግፎርዱ መንገድ መሪ ጄምስ ፔሮት፣ ሩቅና አስቸጋሪ በሆነው በክራንሚር ፑል፣ እስከዚያ የዘለቁ መንገደኞች የስም ካርዳቸውን እንዲተዉበት ጠርሙስ አኑሮ ነበርና። ከዚያ የተነሣው ሌተርቦክሲንግ ዛሬም አልጠፋም፤ ፈላጊው በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማኅተም በደብተሩ ላይ እያተመ ይሄዳል።

የሰዋሪው ጥበብ የሚታወቀው ፈላጊውን በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ባለመላኩ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀረጸውን ዓመተ ምሕረት፣ ከመቃብር ደንጊያ ላይ ያለውን ዕድሜ፣ የድልድዩንም ምሰሶ ቍጥር አንብቦና ደምሮ የመጨረሻውን ስፍራ ራሱ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። በዚህ ዐይነት ፍለጋ ወደ ዊድኮም ቤተ ክርስቲያን የደረሰ ሰው፣ በጥቅምት 1638 ምእመናን ለጸሎት ተሰብስበው ሳሉ መብረቅ ወርዶ አራት ያህል ሰዎች መግደሉንና 60 ያህል ማቍሰሉን፣ ከግድግዳው ላይ ካለው በግጥም ከተጻፈ ሰሌዳ ይረዳል። በፖስትብሪጅ ሰፋፊ ደንጊያ የተነጠፈበትን የመካከለኛውን ዘመን ድልድይ ሲሻገር፣ የቆርቆሮ ማዕድን የተጫኑ አጋሰሶች ወደ ታቪስቶክ ያለፉበትን መንገድ ይረግጣል፤ በግሪምስፓውንድም በአንድ ቅጥር የተከበቡ የ24 ክብ ጎጆዎች መሠረት ከነሐስ ዘመን ጀምሮ ሰው እዚህ መስፈሩን ያስረዱታል። ስለዚህ ጥሩ ሰዋሪ ለአውራጃው መምህር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መጽሐፍ ከፍቶ የማያነብ ሰው እንኳ ቍጥር ፍለጋ ሲል ደንጊያውን ያነባልና።

ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ነገር ይጠንቀቅ። ክራንሚር በሚገኝበት በሰሜኑ ክፍል ሠራዊቱ የተኩስ ልምምድ ስለሚያደርግ፣ የተኩሱን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቀይ ባንዲራ ሲሰቀልም አይግባ። የግጦሹን በር አልፎ ሲሄድ ይዝጋ፤ ከጥንታዊ ቅጥር አንዲት ደንጊያ እንኳ አያንሣ። ሣጥን ቢጠፋ ሌላ ይተካል፤ የፈረሰ ቅርስ ግን አይመለስም።