የእኛ አምስት ኪሎ ሜትር ስንት ሜትር ነው?

በአገራችን ስለ ሩጫ በተጻፈ ቁጥር ቀድመው የሚነሱት የአበበ ቢቂላ፣ የማሞ ወልዴ፣ የደራርቱ ቱሉ፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴና የቀነኒሳ በቀለ ስሞች ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከመስቀል አደባባይ ደረጃዎች እስከ እንጦጦ ደን፣ ከጃን ሜዳ እስከ ሱሉልታ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ የሚሮጠው አብዛኛው ሰው ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ፣ ጫማውን በገዛ ገንዘቡ የሚገዛና ከሩጫው በኋላ ወደ ሥራው የሚቻኮል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለውድ አንባቢያን የምናቀርበው ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ ይልቁንም እኛ ራሳችን ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ አባል ስለሆንንበት አንድ የጤና ቡድንና ስለ አንድ ርዝመት ነው። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ይባል ነበር።

ቡድኑና ደብተሩ

ቡድናችን ሠላሳ ያህል አባላት አሉት። የባንክ ሠራተኞች፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ጡረተኛ ወታደር፣ ከእኛ ጋር ሦስት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ጥቂት ወጣቶች ይገኙበታል። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ ገንዘቡ ለሻይ፣ ለታመመ መጠየቂያና ለለቅሶ ስለሚውል ቡድኑ ከዕድር ብዙም አይለይም። አርፍዶ የመጣ ይቀጣል። በሥራ ቦታው ብዙ ሰው የሚያዝዝ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ገና ሳያሟሙቅ ፈትልኮ በመሮጡ በልብስ ሰፊው ሲገሠጽ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ከሩጫ በኋላ በአንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ሻይ በቦምቦሊኖ እየቀረበ ክርክሩ ይቀጥላል፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን የምንሮጠው ለዚህ ክርክር ስንል ነው።

የቡድኑ መሥራች ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሹምነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በየወሩ መጨረሻ እሑድ የሰዓት ሙከራ ይደረጋል፤ ጋሼም የእያንዳንዱን ሰው ሰዓት ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይመዘግባሉ። ያለፈውን ያሻሻለ ሰው ሰዓቱ በቀይ ይጻፍለታል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ለዚያች ቀይ ቀለም ሲሉ ሳምንቱን ሙሉ ጥሬ ሥጋ ሲተዉ አይተናል።

ቀድሞ የምንሮጠው በጃን ሜዳ ሣር ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ በተዛወረ ጊዜ ግን ሜዳው ተያዘ። እኛም ተራርቀን በሁለትና በሦስት ወደ አስፋልቱ ወጣን። በዚያን ጊዜ ጋሼ በአሮጌ መኪናቸው አካባቢውን ዞረው፣ ቆጣሪው 5 ኪሎ ሜትር ባለበት ቦታ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰመሩ። ሁለት ዙር አሥር ኪሎ ሜትር ሆነ። ገበያው ከለቀቀ በኋላም ዙሩን ስለለመድነው አልተውነውም።

ወጣቱ

ከአባሎቻችን መካከል በአንድ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ የ19 ዓመት ወጣት አለ። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያነሳና ሲጥል ውሎ፣ ማታ ደግሞ በዚያው ቤት በጥበቃነት ያድራል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሙከራ በሸራ ጫማ ሮጦ ሁለቱን ዙር በ30 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጨረሰ። ከእርሱ ቀጥሎ የገባው ሰው በአራት ደቂቃ ዘግይቶ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ የአትሌቲክስ ክለብ አዳዲስ ወጣቶችን እንደሚፈትንና አሥር ሺህ ሜትርን ከ31 ደቂቃ በታች የሮጠ እንደሚቀበል ተሰማ። ወጣቱ ወደ እኛ መጥቶ፣ «ዶክተር፣ ይሳካልኛል ይላሉ?» ሲል ጠየቀን። እኛም ሃያ ሰከንድ ትርፍ እንዳለው አስልተን «ያለ ጥርጥር!» አልነው። እርሱም በዚህ ተማምኖ ከአሠሪው ተበድሮ የመሮጫ ጫማ ገዛ፤ ለልምምድ ሲልም የሳምንት ደመወዙን ተወ።

ፈተናው በጥር ወር በመም ላይ ተካሄደ። ወጣቱ ሃያ አምስቱን ዙር በ31 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ፈጸመና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለሦስት እሑድ ወደ ቡድኑ አልመጣም።

በሻይ ቤቱ ያልተሰጠ ምክንያት አልነበረም። አንዱ ዓይን በልቶት ነው አለ፤ ሌላው ጫማው አዲስ ስለሆነ ነው አለ፤ ጡረተኛው ወታደር ደግሞ ልቡ ፈርቶ ነው ሲሉ ፈረዱበት። ዓይኖች ወደ እኛ ዞሩና ከፍታው ይሆን ተብለን ተጠየቅን። ከፍታ በእርግጥ ሰዓትን ይለውጣል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአሥር ሺህ ሜትሩ አሸናፊ የገባው በ29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነበር፤ የዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን ግን 27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር። ይሁን እንጂ ወጣታችን ሁለቱንም ጊዜ የሮጠው በዚህችው ከተማ ነው። በሁለቱም ጊዜ ያልተለወጠ ነገር የሰዓቱን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም።

ይህን ስናብራራ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ታማስል የነበረችው ነርስ፣ «ለመሆኑ ዙሩን ማን ለካው?» ብላ ጠየቀች።

አንባቢ ይፍረደን። እኛ በቤተ ሙከራ የስሕተት መጠን ያልተጻፈበትን የተማሪ ዘገባ ሳናነብ የምንመልስ ሰዎች ነን። ያንኑ ዙር ግን ለአራት ዓመት ሮጠንበት፣ በላዩም ሒሳብ ሠርተን ለአንድ ወጣት ተስፋ ስንሰጥ፣ ይህችን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም ነበር።

በብስክሌት መለካት

ለዶክትሬት ትምህርት ጀርመን አገር በነበርንበት ጊዜ በአንድ የሰፈር የሩጫ ማኅበር ውስጥ እንሮጥ ነበር። በዚያ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ የውድድር ጎዳናዎችን በብስክሌት ሲለኩ አንዳንዴ እንረዳቸው ነበር። ዘዴው እጅግ ቀላል ነው። እንግሊዛዊው ጆን ጂዌል እ.ኤ.አ. በ1961 በጽሑፍ ያብራራው ሲሆን፣ ዛሬም ዓለም አቀፍ የጎዳና ውድድሮች የሚለኩት በዚሁ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ቢያንስ 300 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካል። ከዚያ ብስክሌቱ በዚያ ላይ ይነዳና ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠራል። በመጨረሻም መንገዱ ሁሉ በብስክሌቱ ይለካል። መሪው ሕግ አንድ ነው፦ ብስክሌቱ ሯጭ ሊሮጥበት በሚችለው እጅግ አጭር መስመር፣ በኩርባ ላይም ከጠርዙ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት መሄድ አለበት።

ከተማሪዎች ቤተ ሙከራ አንዲት ማግኔትና አንድ ቆጣሪ ተውሰን በብስክሌት ላይ ገጠምን፤ የጎማውንም ዙሪያ በኖራ በስምንት እኩል ክፍል ከፈልነው። ጎማውን ንፋስ ለማስሞላት የሄድነው ወደ ወጣቱ ጎሚስታ ቤት ነው። ሌላ ጎሚስታ ጠፍቶ አልነበረም። ወጣቱ ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ቆጣሪውን ትክ ብሎ አየና ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «እሑድ በስንት ሰዓት ነው?» አለን።

እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሆነን ወጣን። የ50 ሜትሩን የብረት ሜትር ስድስት ጊዜ ዘረጋን። ብረት በብርድ ይኮማተራል፤ በዚያን ማለዳ ቅዝቃዜ ግን በ300 ሜትር ላይ የሚያመጣው ስሕተት ከአራት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ስለሆነ ተውነው። አስቸጋሪው ጎማው ነው። በማለዳ 300 ሜትሩን በ142 ዙርና አምስት ስምንተኛ አለፈ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ጎማው ጥቂት ስላበጠ በ142 ዙር ተኩል ጨረሰ። ስለዚህ ነው ከሥራው በፊትም በኋላም መለካትና አማካዩን መውሰድ የሚያስፈልገው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ አንድ ያህል፣ ማለትም በዙሩ ሁሉ ላይ አራት ወይም አምስት ሜትር ነው።

ዙሩን የነዳው ወጣቱ ራሱ ነው፤ ከኋላው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ በመኪናው መብራት እያበራ ይጠብቀው ነበር። ሦስት ጊዜ ተለካ፤ ውጤቶቹ በአንድ ሜትር ያህል ብቻ ተለያዩ። የጎማው ዙር በአማካይ 2,295 ተኩል ሆነ። በ2.1043 ሜትር ሲባዛ 4,830 ሜትር ይሆናል።

አምስት ኪሎ ሜትራችን 170 ሜትር ይጎድለው ነበር። አሥሩ ኪሎ ሜትር 9,660 ሜትር ነበር ማለት ነው።

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ሒሳቡን ራሱ ሠራው። 30 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ለ9,660 ሜትር፤ በዚያው ፍጥነት 10,000 ሜትር 31 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ። በመም ላይ የሮጠው ከዚህ በሰባት ሰከንድ ብቻ ይለያል። «እንግዲህ አልደከምኩም ነበር» አለ። ጥቂት ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጀመሪያውንም አልደረስኩም ነበር» አለ። ሁለቱም እውነት ስለነበሩ መልስ አላገኘንለትም፤ የሰጠነው ምክር የተሳሳተ እንደነበረ ነግረን ይቅርታ ጠየቅነው።

ጉድለቱ ከየት መጣ?

የመኪና ቆጣሪ መንገድን አይለካም፤ የጎማን ዙር ቆጥሮ ያባዛል። ጎማው ሲያልቅ ዙሪያው ስለሚያጥር ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ቆጣሪውም ካልተሄደበት የረዘመ መንገድ ይጽፋል። ጋሼ በ2012 ክረምት ላይ የቀየሩት አሮጌ ጎማ የማድቤታቸውን ቆርቆሮ ንፋስ እንዳይወስደው ጣሪያው ላይ ተጥሎ ነበር። ወጣቱ ወጥቶ አየውና ከአዲስ ጎማ ጋር ሲያስተያየው ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል መበላቱን ነገረን። ራዲየሱ 29 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ ይህ 2.4 በመቶ ነው፤ በ5 ኪሎ ሜትር ላይ 120 ሜትር ያህል ይወስዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ጂኦሜትሪ ነው። እኛ የምንሮጠው በስተግራ እየታጠፍን፣ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ነው። መኪናው ግን ቀኙን ይዞ ስለሚነዳ በውጭው በኩል፣ ከእኛ አምስት ሜትር ያህል ርቆ ዞረ። ለመሆኑ ይህ ምን ያህል ይጨምራል? የመንገዱ ቅርጽ ማወቅ ሳያስፈልግ መልሱ ይታወቃል፤ ራሱን ሳያቋርጥ ገጥሞ የሚዘጋ ማንኛውም ዙር በአምስት ሜትር ወደ ውጭ ሲሰፋ ርዝመቱ በ2 ጊዜ ፓይ ጊዜ 5፣ ማለትም በ31 ሜትር ይጨምራል። ዙሩ አንድ ኪሎ ሜትር ይሁን መቶ፣ ያው 31 ሜትር ነው፤ ዞሮ የሚመለስ ሰው በድምሩ የሚታጠፈው አንድ ሙሉ ክብ ብቻ ነውና። በመሬት ወገብ ዙሪያ የታሰረ ገመድ በሁሉም በኩል አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ቢፈለግ የሚቀጠልበት ከስድስት ሜትር ተኩል ያነሰ ነው ስንል ተማሪዎቻችን ሁልጊዜ አያምኑንም። የቀረው ሃያ ሜትር ገደማ የቆጣሪው የመጨረሻ ቁጥር መቶ ሜትር በመቶ ሜትር የምትዘል ከመሆኗ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያለው ጉድለት በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1981 በኒውዮርክ ማራቶን አልቤርቶ ሳላዛር 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ፈጣን ሰዓት ተብሎለት ነበር። ከዓመታት በኋላ መንገዱ ዳግም ሲለካ 150 ሜትር ያህል ስላጠረ ሰዓቱ ክብሩን አጣ። ዛሬ የጎዳና ውድድር ሲዘጋጅ እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ሆን ተብሎ የሚጨመረው ለዚህ ነው።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ለአሥር ኪሎ ሜትሩ የጎደለውን 340 ሜትርና ለጥንቃቄ 10 ሜትር ጨምረን አዲስ መስመር አሰመርን፤ እንደ ዕድል ሆኖ መስመሩ ዳገት ላይ አረፈ። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ለሁለት ሳምንት ተቀይመውን ነበር። በመጋቢት ሙከራ ዕለት ግን ደብተሩን አምጥተው በገጹ ላይ አግድም መስመር ካሰመሩ በኋላ፣ «ከዚህ በላይ ያለው በ9,660 ሜትር የተሮጠ ነው» ብለው በሒሳብ ሹም እጅ ጽሑፍ ጻፉ፤ ፈረሙበትም። በዚያን ቀን ሁላችንም በአንድ ሌሊት ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘገየን። ከአዲሱ መስመር በታች መጀመሪያ የተጻፈው የወጣቱ ሰዓት ነው፤ 31 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ። በሰማያዊ።

ወጣቱ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተፈትኖ 31 ደቂቃ ከ09 ሰከንድ ሮጠ፤ አሁንም አልተወሰደም። በተከታዩ እሑድ ግን መጣ፤ ጋሼም ውድድሩ የእኛ ባይሆንም ሰዓቱን በቀይ ጻፉለት። ጡረተኛው ወታደር ግን እስከ ዛሬ የሚያቆሙት በአሮጌው መስመር ላይ ነው። ሲጠየቁም፣ «እኔ የማውቀው አሥር ኪሎ ሜትር ይኸ ነው» ይላሉ።