ለትምህርት ክፍል የሚሰጥ ስጦታ

ሠላሳ ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ አንድ መጽሐፍ ብቻ ቢገኝ ትምህርቱ እንዴት ይሆናል? አስተማሪው ያነባል፤ ተማሪዎቹ ይሰማሉ። በፊት የተቀመጠው ፊደሉን አሻግሮ ያያል፤ በኋላ የተቀመጠው ግን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጆሮው ይማራል እንጂ ዓይኑ አይማርም። ማንበብ ደግሞ በጆሮ ብቻ የሚገኝ ጥበብ አይደለም፤ ዓይን በፊደሉ ላይ ደጋግሞ መመላለስ፤ ጣትም መስመሩን መከተል ይገባዋልና። እንግዲህ ለዚህ ክፍል ሃያ ዘጠኝ መጻሕፍት የሚሰጥ ሰው ቢነሣ የሰጠው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሥራ ፈትተው ለነበሩት ዓይኖች ሁሉ ሥራ ሰጣቸው።

ልጆች ሆይ፤ ይህ ነገር በምሳሌ ብቻ እንዳይቀር በእውነት የተደረጉ ሁለት ታሪኮች እንነግራችኋለን። ሁለቱም በአሜሪካ አገር የተደረጉ ናቸው፤ ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

በኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ብሮንክስ የሚባል ሰፈር አለ፤ ብዙ ድኆች ይኖሩበታል። በዚያ ባለ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቻርልስ ቤስት የተባለ ወጣት አስተማሪ ነበረ። ይህ ሰው በቀድሞ ዘመን በአሜሪካ ሜዳ ላይ ስለኖረ አንድ ቤተ ሰብ የሚተርክ መጽሐፍ ተማሪዎቹ እንዲያነቡ ፈለገ። ነገር ግን መጽሐፉ ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም፤ ስለዚህ ገጾቹን በማባዣ መኪና እያባዛ ያድላቸው ነበር። ባልንጀሮቹ አስተማሪዎችም ምሳ በሚበሉበት ክፍል በተሰበሰቡ ጊዜ ወሬያቸው ይኸው ነበር፤ አንዱ ይህ ጐደለኝ ይላል፤ ሌላው ያ ቢኖረኝ እንዴት ባስተማርሁ ነበር ይላል።

ቻርልስ ቤስትም እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ሊረዳ የሚወድ ሰው በአገሩ ሞልቷል፤ ነገር ግን የሰጠው ገንዘብ ወዴት እንደ ደረሰ ስለማያይ እጁን ይሰበስባል። አስተማሪው የጐደለውን ለይቶ ቢጽፍ፤ ሰጪውም ከተጻፈው ውስጥ ልቡ የወደደውን ቢመርጥ ሁለቱ ይገናኛሉ። በ2000 ይህን አሳብ በኢንተርኔት ሥራ ላይ አዋለው፤ ማኅበሩንም ዶነርስ ቹዝ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም ሰጪዎች ይመርጣሉ ማለት ነው።

አስተማሪዎቹ ግን በመጀመሪያ ልመናቸውን ለመጻፍ ቸል አሉ፤ አዲስ ነገር ሁልጊዜ ያጠራጥራልና። ስለዚህ እናቱ የሠራችውን ጣፋጭ ምግብ ወደ ትምህርት ቤቱ አምጥቶ፤ ከዚህ የሚቀምስ ሁሉ አንድ ልመና ይጻፍ አላቸው። እነርሱም በሉ፤ ጻፉም። ሰጪ ግን ገና አልተገኘም ነበርና ራሱ ስሙን ሳይገልጥ ከኪሱ ከፈለ። ባልንጀሮቹም ከሩቅ ያሉ ቸሮች የተገኙ መስሏቸው ወሬውን ለሌሎች አስተማሪዎች አወሩ። እንዲህ ያለው ማታለል ይነቀፋል ወይስ ይመሰገናል? እኛ አልወሰንንም፤ እናንተ ተከራከሩበት። ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው አድራሻ እየጻፉ ለ2,000 ሰዎች ደብዳቤ ላኩ፤ እውነተኞቹም ሰጪዎች መጡ። በ2007 ሥራው በአሜሪካ ላሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተከፈተ። በ2018 አንድ የንግድ ማኅበር 29 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ በዚያን ጊዜ ተጽፈው የነበሩትን ከ35,000 የሚበልጡ ልመናዎች በአንድ ጊዜ ፈጸማቸው። ይህን የመሰለ ነገር ግን ብርቅ ነው፤ የቀረው ሥራ የሚሠራው ከብዙ ሰዎች እጅ በሚሰበሰብ በጥቂት በጥቂቱ ገንዘብ ነው።

አሠራሩን አስተውሉ። ገንዘቡ በአስተማሪው እጅ አይሰጥም፤ ማኅበሩ የተለመነውን ዕቃ ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። ይህም ሰጪውን ከጥርጣሬ፤ አስተማሪውንም ከሐሜት ያድናል። የሚለምነውም በክፍሉ ውስጥ የሚውል ሰው ስለ ሆነ የሚመጣው ዕቃ በእርግጥ የጐደለው ነው። ሳይጠይቅ የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ ራሰ በራ ለሆነ ሰው ሚዶ ይሰጣል። ዕቃው ከደረሰ በኋላ አስተማሪው ለሰጪዎቹ ፎቶግራፍና የምስጋና ቃል ይልካል፤ ብዙ ጊዜም ተማሪዎቹ ራሳቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ይህም ደብዳቤ ሌላ ትምህርት ነው፤ በሩቅ አገር ላለ፤ በእውነትም ለሚያነበው ሰው የሚጻፍ ቃል ከሌላው ይልቅ በጥንቃቄ ይጻፋልና።

ዕቃ ትምህርትን እንዴት እንደሚያበዛ በአንድ ነገር ብቻ እናሳያችሁ። አስተማሪ፦ በኩሬ ውሃ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ፍጥረታት አሉ ብሎ ቢያስተምር ተማሪው ቃሉን ያጠናዋል፤ በፈተናም ቀን ይመልሰዋል። በክፍሉ ማይክሮስኮፕ፤ ይኸውም ጥቃቅኑን ነገር የሚያጐላ መሣሪያ፤ ቢኖር ግን ያው ተማሪ ከኩሬው አንድ ጠብታ ወስዶ በመስተዋቱ ላይ ያኖርና ይመለከታል። ሲንቀሳቀሱም ባየ ጊዜ የተጠናውን ቃል መመለስ ትቶ መጠየቅ ይጀምራል። ይህ ምን ይበላል? ያኛውስ ለምን ይሸሻል? ይህን ውሃ ሳናፈላ ብንጠጣው ምን እንሆናለን? መሣሪያው መልስ አልሰጠውም፤ ጥያቄ ሰጠው እንጂ። ዕቃ ብቻውን አያስተምርም፤ በሣጥን ተቈልፎ የሚኖር ማይክሮስኮፕ ከድንጋይ አይሻልም።

ሁለተኛው ታሪክ የቈየ ነው፤ እኛም ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን እንወደዋለን።

በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል የሚኖሩ ጥቍር አሜሪካውያን ከባርነት ነፃ ከወጡ ወደ ሃምሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነገር ግን ልጆቻቸው ከነጮች ልጆች ጋራ በአንድ ቤት እንዳይማሩ የዚያ አገር ሕግ ይከለክል ነበር። ሹማምንቱም ለነጮቹ ትምህርት ቤት ብዙ፤ ለጥቍሮቹ እጅግ ጥቂት ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች በአሮጌ ጐጆ ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በጨለማ ይማሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ቡከር ዋሽንግተን የሚባል ሰው ነበረ፤ በባርነት ተወልዶ፤ ነፃ ከወጣ በኋላ ተምሮ፤ በአላባማ የቱስኪጊ ትምህርት ቤት አለቃ ሆነ። ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ደግሞ በቺካጎ የሚኖር ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ፤ የሲርስ ሮባክ ንግድ ቤት አለቃ ነው፤ ይህም ቤት የዕቃውን ሥዕልና ዋጋ በመጽሐፍ አትሞ እያሳየ ለገጠር ሰው በፖስታ ይሸጥ ነበር። በ1912 ሮዘንዋልድ ቱስኪጊን ለመሰሉ ትምህርት ቤቶች እንዲያድለው ብሎ ለዋሽንግተን 25,000 ዶላር ሰጠው። ዋሽንግተንም ከዚህ ገንዘብ ጥቂቱን ለይቶ በገጠር ስድስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች እንዲሠራበት ፈቃድ ለመነ፤ እርሱም ፈቀደለት።

ከእነዚህ የመጀመሪያው በ1913 ሎቻፖካ በሚባል የአላባማ መንደር ተፈጸመ። ወጪውም 942 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሒሳቡን እዩት፦ ሮዘንዋልድ 300 ዶላር ሰጠ፤ በአካባቢው የሚኖሩ ነጮች 360 ዶላር ሰጡ፤ የመንደሩ ጥቍር አሜሪካውያን 150 ዶላር በገንዘብ፤ ደግሞም 132 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚያወጣ ሥራ በጕልበታቸው ሰጡ። ደምሩትና ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ከባለጸጋው የመጣው የወጪውን ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የመንደሩ ሰዎች ድርሻቸውን ሳያዋጡ፤ ሹማምንቱም ትምህርት ቤቱን የመንግሥት አድርገው ለመጠበቅ ሳይስማሙ የሮዘንዋልድ ገንዘብ አይወጣም ነበር። ትምህርቱም በዓመት ቢያንስ አምስት ወር እንዲቈይ ይጠየቅ ነበር፤ በጥጥ ለቀማ ጊዜ ልጆቹ ከትምህርት ይቀሩ ነበርና።

የመንደሩ ሰዎች ግን አብዛኞቹ በሰው መሬት ላይ በእኩል የሚያርሱ ድኆች ነበሩ፤ ጥሬ ገንዘብም በእጃቸው እምብዛም አይገኝም። ታዲያ ከየት አመጡት? አንዳንዶቹ ከጥጥ እርሻቸው አንዱን ጥግ ለትምህርት ቤቱ ብለው ለዩ፤ ከዚያ የተለቀመውንም ሸጡ። ሴቶቹ ምግብ እየሠሩ፤ ዶሮ እያረቡ ሸጡ። መሬት ያለው መሬት ሰጠ፤ መሬት የሌለው እኛ ደቦ እንደምንለው ተሰብስቦ ዛፍ ቈረጠ፤ ሳንቃ ጐተተ፤ ምስማር መታ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በዚያ አገርም እውነት ሆነ።

በአላባማ ለአንድ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሊያዋጡ በተሰበሰቡበት ቀን አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መካከል ተነሣ። የባርነትን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ነበረ። ከኪሱ ያደፈ አሮጌ ከረጢት ቀስ ብሎ አወጣና በጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሳንቲምና ዶላር ተደባልቆ ፈሰሰ፤ በተቈጠረም ጊዜ 38 ዶላር ሆነ። በዕድሜው ሙሉ ያጠራቀመው ይህ ብቻ ነበረ። የልጅ ልጆቹ ልጆች ዕድል ያገኙ ዘንድ ያለውን ሁሉ መስጠቱን ተናገረና ተቀመጠ። እርሱ ራሱ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፊደል የሚቈጥርበት ጊዜ አልፎበት ነበር። ይህን ያየው ስለ ሥራው በየመንደሩ ይዞር የነበረ ሰው ጽፎ አቈየልን።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ ስጦታው ትምህርት ሲሆን የሚታየው በመስኮቱ ነውና። በዚያን ጊዜ በገጠሩ የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረም። ስለዚህ የቤቱን ፕላን የነደፉት ሰዎች ትልልቅ መስኮቶችን ጐን ለጐን ደርድረው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዲያዩ አደረጉ። መቀመጫዎቹም ብርሃኑ ከተማሪው በግራ በኩል እንዲመጣ ሆነው ይቀመጡ ነበር። ለምን በግራ? ብርሃን በቀኝ በኩል ቢመጣ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ የእጁ ጥላ በሚጽፈው ፊደል ላይ ይወድቅበታል። እርሳሳችሁን ያዙና በመስኮት አጠገብ አንድ ጊዜ በዚህ፤ አንድ ጊዜ በዚያ ዞራችሁ ሞክሩት። ግድግዳውም ብርሃኑን መልሶ እንዲበትን በብሩህ ቀለም ይቀባ ነበር። ባለ ሁለት ክፍል በሆኑት ቤቶች መካከለኛው ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚከፈት ነበረ፤ ሲከፈት ለመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ይሆናል። በኋላም ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን እርዳታ ተጨመረ።

ሮዘንዋልድ በ1932 ሞተ። እስከዚያ ዓመት በ15 ግዛቶች ከ4,900 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ተሠርተው ነበር። ከወጣው ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር የሮዘንዋልድ ድርሻ 4.3 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ጥቍር አሜሪካውያን ያዋጡት 4.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ የበዛው ግን ከግብር የወጣ ነው። ቤቶቹ በባለጸጋው ስም ተጠሩ እንጂ ድኆቹ ከእርሱ አስበልጠው ሰጡ።

ፍሬውስ ምን ሆነ? በ2011 ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የቈየውን መዝገብ መርምረው አንድ ጥናት አሳተሙ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በተሠሩባቸው አውራጃዎች ያደጉት የገጠር ጥቍር ልጆች ብዙ ዓመት ተምረዋል፤ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁትም በዝተዋል። ይልቁንም ጥቅሙ እጅግ የበዛው አስቀድሞ ችግሩ በባሰባቸው አውራጃዎች ነበር።

አንድ ነገር ግን ልንሸሽግ አይገባንም። እነዚያ ሰዎች እንደ ሌላው ሕዝብ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ግብሩ ግን በእኩል ለልጆቻቸው አልተመለሰም። ስለዚህ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ስጦታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ሁለት ጊዜ ያስከፈላቸው ግን የሚያስመሰግነው ነገር የለውም። በብሮንክስም ቢሆን መጽሐፉ ከመጀመሪያው በክፍሉ ሊገኝ የተገባው ነበር። ሰው ሲሰጥ አይተው የሚገባቸውን የሚተዉ ሹማምንት ካሉ በስጦታው የሚያመካኙ ናቸው።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ጆን ሉዊስ ነበረ፤ በአላባማ የእኩል አራሾች ልጅ ነው። በእርሻ ሥራ ወራት ቤተ ሰቡ በሜዳው ሲፈልጉት ከቤት በረንዳ በታች ተሸሽጎ ይቈይና የተማሪዎቹ አውቶቡስ በደረሰ ጊዜ ሮጦ ይሳፈር ነበር። አድጎም ስለ ጥቍር አሜሪካውያን መብት ብዙ መከራ ተቀበለ፤ ከ1987 ጀምሮ በ2020 እስኪሞት ድረስ በአሜሪካ ምክር ቤት የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ኖረ።

በ1954 የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ፤ ከዚያም በኋላ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ተዘጉ። ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ሌሎቹ የድርቆሽ ማከማቻ ሆኑ። ጥቂቶቹን ግን በዚያ የተማሩ ሰዎች ሸምግለው ሳሉ ገንዘብ አዋጥተው አደሱአቸው። ወደ አንዱ የሚገባ ሰው ዛሬም እነዚያን ትልልቅ መስኮቶች ጐን ለጐን ቆመው ያያቸዋል።