ያውቁ ኖሯል? ከዩኒየን ኮሌጅ እስከ ማራኪ፦ የግቢ ወንድማማችነት

በግሪክ ፊደላት የሚጠሩት የአሜሪካ ተማሪዎች የወንድማማች ማኅበራት ዛሬ ያላቸውን መልክ የያዙት በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ኒውዮርክ ግዛት ስኬኔክታዲ ከተማ በሚገኘው ዩኒየን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1825 ካፓ አልፋ፣ በ1827 ደግሞ ሲግማ ፋይና ዴልታ ፋይ ተመሠረቱ።

የእህትማማቾቹም ሥር ትንሽ ኮሌጅ ነው። ጆርጂያ፣ ሜከን ውስጥ ባለው የዌስሊያን ሴቶች ኮሌጅ አዴልፊያን በ1851፣ ፊሎማቲያን በ1852 ተቋቋሙ።

ዳርትመዝ ኮሌጅ ባለባት ትንሿ ሃኖቨር፣ አባል መሆን ከሚፈቀድላቸው ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚህ ማኅበራት ታቅፈዋል። ምክንያቱ አይከብድም። ተማሪው እዚያው ያድራል፤ ቤተሰቡ ሩቅ ነው፤ ቅዳሜ ማታ መሄጃው ጥቂት ነው። ከተመረቀ በኋላም ማኅበሩን የሚደግፍ፣ ለታናሹ ሥራ የሚያፈላልግ ነባር አባል አይጠፋም።

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ግን መሄጃ ብቻ ሳይሆን አይዞህ ባይም አልነበራቸውም። በ1904 ትምህርት ከጀመሩት ስድስቱ በዓመቱ አልተመለሱም። ሰባት ተማሪዎች በ1906 አልፋ ፋይ አልፋን የመሠረቱት ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ጎንደር እንምጣ። ያውቁ ኖሯል? ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር ትንሽ የጤና ኮሌጅ ነበር። በደንቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የተከፈተው ይህ ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ጎን ለጎን ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይኖራሉ። ይህ የቡድን ሥልጠና ዛሬም የተቋሙ መለያ ነው። ለእኔ ከማንኛውም የምሥጢር መሐላ ይልቅ ሰውን የሚያስተሳስረው እንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ ገጠር ውስጥ ሌሊት በሽተኛ ሲመጣ የጓደኛን ማንነት ለማወቅ ብዙ ወራት አይፈጅም።

በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ የግሪክ ፊደል የተለጠፈበት ቤት አያገኙም። ፍሬሽ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ ግን ተሸክመውለት ዶርሙን የሚያሳዩት ሲኒየሮች አሉ። ኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ ሙስሊሙ ጀማዓ፣ ፕሮቴስታንቱ ፌሎ ይጠብቀዋል። መንግሥት መድቦት እንጂ ከተማዋን መርጦ ላልመጣ ልጅ ይህ የመጀመሪያ ሳምንት አቀባበል ትልቅ ነገር ነው፤ ማኅበራቱም የሚጠነክሩት በዚህ ይመስለኛል።

የኦርቶዶክሶቹ ማኅበረ ቅዱሳንም ከግቢ ተማሪዎች መካከል የወጣ ነው። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩ ተማሪዎች እዚያ በጸሎት ተሰባሰቡ፤ በ1984 ማኅበሩ ተመሠረተ።

ከግቢ ውጭም በየሰፈሩ የጽዋ ማኅበር አለ፤ መሪው «ሙሴ» ይባላል። ድግሱም በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ዛሬ የተጋበዘ ነገ ጋባዥ ነው። በዚህ ያደገ ልጅ ግቢ ገብቶ ማኅበር ማቆም አይቸግረውም።

ማኅበር በር ሲዘጋ ግን ይጎዳል። ኮልቢ ኮሌጅ በ1984 እ.ኤ.አ. የወንድማማች ማኅበራቱን በሙሉ አፍርሷል። በእኛም ግቢዎች በብሔር ብቻ የሚሰባሰበው ቡድን ያደረሰውን ሐዘን ያየ ወላጅ ብዙ ነው።

በየዩኒቨርሲቲው ግጭት በተነሳበት በ2012 ዓ.ም. ግድም፣ ጎንደር የቃል ኪዳን ቤተሰብ ፕሮጀክትን ዘረጋች። የከተማዋ ነዋሪ ከሌላ አካባቢ የመጣን ተማሪ እንደ ልጁ ይቀበላል፤ በዓል ሲሆን ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል፣ ሲመረቅ ከወላጆቹ ጋር ይቆማል። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተሻግሯል።