ባጋስ፦ ወረቀት መሆን የሚችል ማገዶ

ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ ባጋስ ይባላል። 100 ኪሎ አገዳ 30 ኪሎ የሚጠጋ ባጋስ ያስቀራል፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። አብዛኛው ቦይለር ውስጥ ነድዶ ለፋብሪካው እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ይሆናል። በአግባቡ ከተያዘ ግን ደብተርና ጋዜጣም ይወጣዋል።

ወረቀት የሚሠራው ከሴሉሎስ ቃጫ ነው፤ ቃጫው ደግሞ በገለባም፣ በቀርከሃም፣ በጥጥም ውስጥ አለ። አውሮፓ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ወረቀቷን የምትሠራው በአመዛኙ ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1800 ማቲያስ ኩፕስ ለንደን ላይ ከገለባ በተሠራ ወረቀት መጽሐፍ አሳትሟል። እንጨት የበላይነቱን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

የባጋስ አስቸጋሪ ጎን ውስጡ ነው። አገዳው መካከል ስፖንጅ የመሰለ ለስላሳ ክፍል አለ፤ ከደረቁ ባጋስ ሲሶ ያህሉን ይይዛል። ይህ ክፍል ኬሚካሉን እየመጠጠ ያባክናል፤ ማሽኑ ላይም ውኃው ቶሎ እንዳይጠፍፍ ያደርጋል። ስለዚህ አስቀድሞ በማሽን ተመትቶ ይለያል፤ እሱ ለማገዶ ይመለሳል። የቀረው ቃጫ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል፤ ሶዳው ቃጫዎቹን አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን ያሟሟዋል። ባጋስ ከእንጨት ይልቅ ቶሎ ይበስላል። ቃጫው ግን አጭር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ። የጥድ ቃጫ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ባጋስ ለጽሕፈትና ለኅትመት ወረቀት ይስማማል፤ ብርታት ሲያስፈልግ ረጅም ቃጫ ይቀላቀልበታል።

አገዳ የሚፈጨው በወቅቱ ነው፤ ወረቀት ፋብሪካ ግን ዓመቱን ሙሉ መሥራት ይፈልጋል። ባጋሱ ተከምሮ መቆየት አለበት። ደረቁ ከሻገተ አቧራው የሠራተኞችን ሳንባ ያሳምማል። ስለዚህ ብዙዎች ክምሩን በውኃ እያራሱ ያቆዩታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የማገዶው ነገር ነው። ባጋሱን ለወረቀት የሰጠ ስኳር ፋብሪካ በምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የህንዱ ታሚል ናዱ ኒውስፕሪንት ኤንድ ፔፐርስ ባጋስ ሲወስድ ለስኳር ፋብሪካዎቹ በምትኩ እንፋሎት ወይም ማገዶ ይሰጣል። ብልህ ስምምነት ነው፤ ምትኩ ድንጋይ ከሰል ከሆነ ግን የዳነው ዛፍ በጭስ ይከፈልበታል።

በአገራችን ወንጂ ላይ ስኳር ፋብሪካም ወረቀት ፋብሪካም አሉ። ወረቀት ፋብሪካው ግን ለዓመታት ከውጭ በሚገባ ፐልፕ (ለወረቀት የተዘጋጀ ቃጫ) ሲሠራ መኖሩ ያስቆጨኛል። ባጋሱን ዝም ብሎ ከቦይለሩ መንጠቅ ግን አይቻልም። የስኳር ፋብሪካ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ቦይለር ሲተክልና እንፋሎት ሲቆጥብ ባጋስ ይተርፈዋል። ወደ ወረቀት መሄድ ያለበት እንዲህ ያለው ትርፍ ነው ባይ ነኝ።