የተዋስነው መኪና ሲጋጭ ማን ይከፍላል?



ከመካከላችን አንዱ ለኒካሕ ፕሮግራም የጓደኛውን መኪና ተዋሰ እንበል። ወደ ኋላ ሲነዳ ሳያይ ከግንብ ጋር አጋጨውና የኋላ መብራቱ ተሰበረ። ባለቤቱ «ችግር የለውም» ይላል፤ ፊቱ ግን ሌላ ይናገራል። ተዋሹም በሀፍረት ይሸሸው ይጀምራል። ሐቁ የማን ነው?

ፊቅህ ጉዳዩን «ዓሪያ» ማለትም ውሰት በሚለው ርዕስ ያየዋል። በሀገራችን በስፋት የምንከተላቸው ሁለት መዝሀቦች እዚህ ላይ ይለያያሉ። በሐነፊይ መዝሀብ የተዋስነው ዕቃ በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ካላጠፋን ወይም ከተፈቀደልን ካላለፍን አንከፍልም። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ጥፋት ባይኖርብንም እንከፍላለን፤ በተፈቀደው አጠቃቀም የሚመጣ ማርጀት፣ ለምሳሌ የጎማ ማለቅ፣ አይታሰብብንም።

ጥፋት ካለ ግን ልዩነት የለም። ያለ ጥንቃቄ የነዳ፣ ስልክ እያወራ ያጋጨ፣ ሳያስፈቅድ ቁልፉን ለሌላ የሰጠ ይከፍላል። ስለዚህ የግንቡ ጉዳይ በሁለቱም መዝሀብ የተዋሹ ዕዳ ነው። ሌላ አሽከርካሪ በጥፋቱ ከገጨን ደግሞ ኪሳራው በመጨረሻ የሚያርፈው በገጪው ላይ ነው።

የሀገራችንንም ሕግ እንወቅ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪናው በሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ የነዳው ሌላ ቢሆንም ባለቤቱ ይጠየቃል። የሦስተኛ ወገን መድንም ለተጎዳው ወገን እንጂ ለራሱ ለመኪናው መጠገኛ አይከፍልም። መኪናውን የሚያውሰን ወንድም ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው።

ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችን በፊት ማን እንደሚነዳ፣ የት ድረስ እንደምንሄድ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል እንነጋገር፤ በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ እናስቀምጠው። ይህ አለመተማመን አይደለም። አል-በቀራ 282 ላይ አላህ ዕዳን እንድንጽፍ ያዘዘው ምእመናንን ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ለሑነይን ዘመቻ ገና ካልሰለመው ሰፍዋን ኢብን ኡመያ ጥሩሮች ሲዋሱ፣ ዋስትና ያለው ውሰት መሆኑን አስቀድመው ነገሩት። ከጥሩሮቹ ጥቂቶቹ ሲጠፉም ሊከፍሉት ጠየቁት፤ እሱ ግን ልቡ ወደ ኢስላም አዘንብሎ ነበርና ተወላቸው።

ቅደም ተከተሉን እናስተውል፦ መጀመሪያ «ልክፈል» አሉ፣ ከዚያ ይቅርታው መጣ። ዐፍው የባለቤቱ ስጦታ እንጂ የተዋሹ ሐቅ አይደለም። ካጋጨን በዚያው ዕለት እንንገር፤ «ችግር የለውም» ቢባል እንኳ «የመብራቱ ዋጋ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ካልተስማማን ወደ ዑስታዞቻችን እንሂድ።

አላህ አማናን የምንጠብቅ ያድርገን፤ አሚን።